ስድስት ጆንያ ሰሊጥና የማዶው ዳቦ ቤት

ለተከበርሽው እህቴ፣ ለእትዬ፤

ከጤናሽም ከሰላምታዬም በፊት ለመላው ቤተሰብ በይፋ ማሳወቅ ያለብኝ ከባድ ጉዳይ አለ። ባለፈው ረቡዕ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሃያ ላይ፣ ስድስት ጆንያ ሰሊጥ ወደ ዳቦ ቤታችን ገብቷል። የተጎዳ ሰው የለም። ጆንያዎቹ በአሁኑ ሰዓት ዕቃ ቤቱ ውስጥ በሰላም ተደርድረው ይገኛሉ፤ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልሽም ከስድስቱ በአንዱ ላይ ተቀምጬ ነው። አባባ በነበረ ጊዜ ግማሽ ጆንያ ሰሊጥ ዓመት ከመንፈቅ ያቆየን እንደነበር አንቺ ታስታውሻለሽ። ስድስቱ ስንት ዓመት እንደሚያቆየን የማስላቱን ሥራ ለልጅ ልጆቻችን ትቼዋለሁ።

ይህን ካስታወቅኩ በኋላ አሁን በሰው ደንብ ልጠይቅሽ። እንደምን ከርመሻል፣ እትዬ? ያ ደረጃ ስትወጪ የሚንቋቋው ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? እማማስ እንዴት ናት? ዓይኗን ከታከመች ወዲህ ጠራላት ወይስ አሁንም ሰው ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ነው የሚታያት? እንቅልፍስ ይወስዳታል? ምግብ ይስማማታል? ባልሽ ከጨጓራው ጋር ታረቀ? ልጆችሽስ? እኛ ደህና ነን። ባለቤቴ ደህና ናት፤ ምላሷ ደግሞ ከእሷም የበለጠ ደህና ነው። ምድጃው ደህና ነው። ትንሽ የታመምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ሕመሙ ቅናት ይባላል፤ መድኃኒት ቤቱን ጠይቄ የለንም ብለውኛል።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል፤ እግዚአብሔር ያክብርሽ። አንድ ገጽ ተኩል ናት፤ አጠር ያለች፣ ደስ የምትል ደብዳቤ ናት። ፖስተኛው በዚያው ቀን ለማሙሽ የላክሽለትንም ፖስታ ይዞ ነበርና ሁለቱን መደርደሪያዬ ላይ አስቀምጦ ውሃ ሲጠጣ፣ እርሾ በምንመዝንባት ትንሿ ሚዛን ላይ ተራ በተራ አስቀመጥኳቸው። ክፉ አስቤ አይደለም፤ እጄ መመዘን የለመደ ስለሆነ ነው። የእኔ አሥር ግራም ሞላች። የማሙሽ ሃያ አምስት። ማንንም መክሰሴ አይደለም፣ እትዬ፤ ሚዛኑ ያለውን ነው የማስተላልፍልሽ።

ታናሻችንን ማሙሽ ማለት አልተውንም እንጂ ሰውዬው ከሁለት ወር በኋላ አርባ ይሞላዋል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ሊጥ ሲያቦካ ኖሮ፣ ከስምንት ወር በፊት አንድ ቀን መሐረቡን አጥፎ፣ ጋሼ የራሴን ልሞክር አለኝ። ሞክር አልኩት። ሰው ሞክር ሲባል ሌላ ሰፈር ሄዶ ይሞክራል። ይሄኛው ከመንገዱ ማዶ፣ ከደጃፌ ሃያ ሁለት እርምጃ ላይ ሞከረ። እርምጃውን የቆጠርኩት በዓይኔ ነው፤ በእግሬ ተሻግሬ አላውቅም ነበር።

በሩን ሰማያዊ ቀባው። መስኮቱን አፍርሶ አሰፋው። ደንበኞቹ ይሰለፋሉ። የእኔም ይሰለፋሉ፤ ብቻ የእኔዎቹ ግብር ሊከፍሉ የመጡ ይመስላሉ፣ የእሱዎቹ ሰርግ የተጠሩ። ባለ እንቁላሏን ብትጠይቂኝ ደግሞ የባሰው አለ። ለእኔ እንቁላል ስትቆጥር ቀብር ላይ የቆመች ይመስል ትንፍሽ አትልም፤ እሱ ዘንድ ስትደርስ ግን ሳቋ መንገዱን ተሻግሮ ጆሮዬ ውስጥ ይገባል። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ያ ሰው ምን እያለሽ ነው እንዲህ የሚያስቅሽ ብዬ ጠየቅኳት። ምንም አይለኝም፣ እንደምን አደርሽ ነው የሚለኝ አለችኝ። እኔ ለካ በሰባት ዓመት ውስጥ ስንት አመጣሽ ከማለት በቀር ሌላ ቃል ተናግሬያት አላውቅም።

ግድግዳው ላይ ደግሞ ጥቁር ሰሌዳ ሰቅሏል። የትኛው ዳቦ ስንት ሰዓት ላይ እንዳለቀ፣ የትኛው እንደተረፈ በየቀኑ በጠመኔ ይጽፋል፤ እሱን እያየ ዱቄትም ስኳርም እንቁላልም ጥቂት ጥቂት እያደረገ ያዛል። ዕቃ ቤቱ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ይሄ ዳቦ ቤት ነው ወይስ አንደኛ ክፍል እያልኩ ለደንበኛ ሁሉ ስቀልድ ከረምኩ። ደንበኞቹ ስቀው፣ ሳቃቸውን ሳይጨርሱ መንገዱን ይሻገራሉ።

የእኔ አሠራር ከዚህ የረቀቀ ነው። ዱቄት የሚያቀርብልን ያው የአባባ ወዳጅ ባለ ወፍጮው ነው፤ መኪናው ከዱቄቱ ጋር ስኳርም ጨውም ሰሊጥም ጭኖ በሳምንት ሦስት ጊዜ ይመጣል፤ መጀመሪያ ማሙሽ በር ላይ ይቆማል። እኔ በዚያ ሰዓት ከመጋረጃዬ ጀርባ ነኝ። እሱ ሁለት ስኳር ሲያራግፍ እኔ ለሾፌሩ ሦስት አምጣልኝ እለዋለሁ። እሱ አንድ ጨው፣ እኔ ሁለት። የገበያ ጥናት ይሉታል የተማሩት። ባለቤቴ ሌላ ስም አውጥታለታለች፤ እዚህ አልጽፈውም፣ ለእማማ ይነበብላታል። አንድ ቀን ወገቧ ላይ እጇን አድርጋ፣ እሱ ሰሌዳውን ያያል፣ አንተ እሱን ታያለህ፣ ነገ ድንጋይ ቢያራግፍ ግድግዳ ልትሠራ ነው አለችኝ። ስኳር ላይ ተቀምጬ ነበርና ክብሬን ጠብቄ ሽርጤን አስተካከልኩ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ ልምጣ፤ የምጽፍልሽም ለእሱ ነው። ከሦስት ሳምንት በፊት ባለ ወፍጮው ራሱ በእግሩ መጣ። ወንበር ስቤለት ተቀመጠና ላቡን ጠራርጎ ነገሩን ነገረኝ። አንድ የብስኩት ፋብሪካ የወፍጮውን ግማሽ ሥራ ሊወስድ ነው። የተረፈውን ለእኛ ለጥቃቅኖቹ መሸጥ ይፈልጋል፣ ግን መኪናውን ለአምስትና ለስድስት ኩንታል እየላከ መክሰር አልቻለም። ከመጪው ወር ጀምሮ በሁለት ሳምንት አንዴ ነው የሚጭነው፤ ከሃያ ኩንታል በታች ደግሞ ለማንም አይጭንም። እስከ ወሩ መጨረሻ ቅዳሜ ድረስ አሳውቀኝ፣ ካልሆነ ግን ድርሻህን ፋብሪካው ይወስደዋል፣ እኔም አዝናለሁ አለኝ። ማዘኑ እውነት ነው፤ የአባባን አስከሬን ከተሸከሙት አንዱ እሱ ነው።

እኔ በሁለት ሳምንት አሥራ ሁለት ኩንታል ነው የምጨርሰው። ሃያ ባዝዝ ስምንቱ ተቀምጦ ይነቅዝብኛል። ባለ ወፍጮውም ይህን ያውቃል። በሩ ላይ ደርሶ ዘወር አለና፣ ማሙሽ በሁለት ሳምንት ስምንት ነው የሚወስደው አለኝ። አሥራ ሁለትና ስምንት ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። እትዬ፣ አርባ ሰባት ዓመቴ ነው፤ ባለ ወፍጮ መደመር ሲያስተምረኝ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። እኔ እንጃ፣ ትምህርት ካቆምኩ ቆይቻለሁ አልኩት። ሳቀና ሄደ። እኔ ግን አልሳቅኩም። ያለዚያ ዱቄት ይህ ዳቦ ቤት ሁለት ወር አይቆይም።

ታዲያ ተሻግሬ ወንድሜን አናግር? ሞት ይሻለኛል አልኩ። በምትኩ ሌላ አቅራቢ ፍለጋ ወጣሁ። አንድ ትልቅ የእህል ነጋዴ አገኘሁ፤ ወርቅ ጥርስ ያለው፣ ሦስት ጊዜ ወንድሜ እያለ ትከሻዬን የመታ። ዱቄቴ በረዶ ነው አለኝ። እውነትም በረዶ ነበር፤ ሊጡ እንደ በረዶ ቀለጠ እንጂ አልነሳም አለ። ከምድጃው የወጣው ዳቦ የተረገጠ ኮፍያ ይመስላል። ሃያ ዓመት ከእኛ የገዛች አንዲት ደንበኛዬ በማግስቱ ሁለቱን ዳቦ በወረቀት ጠቅልላ መለሰችልኝና፣ ሳትቆጣ፣ አሞሃል እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እየተጨነቀችልኝ ሄዳ ማዶ ገዛች።

እንግዲህ ሰሊጡ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቀኑ እያለቀ፣ ቅዳሜ እየቀረበ፣ እኔ ከመጋረጃዬ ጀርባ ሆኜ ሳለሁ፣ ሰኞ ጠዋት መኪናው ማሙሽ በር ላይ ቆሞ አራት ጆንያ ሰሊጥ አራገፈ። አራት! ዕቃ ቤቱ ውስጥ ምንም የማያስቀምጠው ሰው አራት ጆንያ ሰሊጥ። ደሜ ፈላ። ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። ማሙሽ ተደብቆ ትልቅ ሆቴል ይዟል፣ ወይም ሆስፒታል፣ ወይም ሁለቱንም፤ የሰሊጥ ዳቦ ሊያቀርብ ነው፤ ሃያ ኩንታሉን ብቻውን ሊሞላ ነው፤ ባለ ወፍጮው የእሱ ሊሆን፣ እኔ የአባባን ምድጃ አቀዝቅዤ ልቀመጥ ነው። ሾፌሩን በሩጫ ደረስኩበትና ለረቡዕ ስድስት ጆንያ ሰሊጥ አልኩት። ስድስት አለኝ። ስድስት አልኩት። ለማን ነው አለኝ። እሱ የእኔ ጉዳይ ነው አልኩት። ሆቴሉን ከማሙሽ ለመንጠቅ ቆርጬ ተነስቻለሁ፤ የቀረኝ የሆቴሉን ስም ማወቅ ብቻ ነበር።

ረቡዕ ስድስቱ መጡ። ሾፌሩ ስድስተኛውን ከትከሻው ሲያወርድ ሳቅ እያነቀው እንደሆነ አየሁ። ምን ያስቅሃል ብዬ ያዝኩት። መጀመሪያ ምንም አለ። ቀጥሎ፣ ጋሼ እንዳትቆጣኝ አለ። ቀጥሎ ነገረኝ። ከዚያ በፊት ባለው ዓርብ ለብስኩት ፋብሪካው የተጫነ ሦስት ጆንያ ሰሊጥ ተሳስቶ እኔ በር ላይ አውርዶ፣ ቀትር ላይ ተመልሶ ወስዶት ነበር። እኔ ልብም አላልኩትም፤ ደጃፌ ላይ ጆንያ ማየት ብርቄ አይደለም። ለካ ማሙሽም መጋረጃ አለው። ያን ሦስት ጆንያ አይቶ፣ ጋሼ የሰሊጥ ዳቦ የሚወስድለት ትልቅ ሆቴል አግኝቷል፣ ሃያውን ኩንታል ብቻውን ሊሞላ ነው፣ እኔ አለቀልኝ ብሎ አራት አዘዘ። ያን አራት አይቼ ስድስት ያዘዝኩት እኔ ነኝ። ሆቴል የሚባል ነገር የለም፣ እትዬ። ሆስፒታልም የለም። ያለው አሥር ጆንያ ሰሊጥና ሁለት የአባባ ልጆች ብቻ ነው።

ሾፌሩ ሲሄድ ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ባለቤቴ መጥታ አጠገቤ ቆመች፤ እንደምታላግጥብኝ ጠብቄ ነበር፣ አላላገጠችም። ዳቦ ቤቱ ከተዘጋ እኔ የማንን ሸሚዝ ዱቄት አራግፋለሁ አለችና ወደ ምድጃው ሄደች። ያቺ ቃል ከስድቧ ሁሉ ይልቅ ወጋችኝ።

ስለዚህ ዓርብ ቀትር ላይ፣ ዳቦው ተሸጦ ሰፈሩ ጸጥ ሲል፣ እጄን ታጥቤ ሽርጤን ለውጬ ወጣሁ። በታሪክ ይመዝገብልኝ፤ መንገዱን ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ። ሃያ ሁለት እርምጃ መስሎኝ ነበር፣ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ማሙሽ ሲያየኝ የያዘውን ቅርጫት አስቀመጠ። ስለ ዱቄቱ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብንም። አሥራ ሁለትና ስምንት ሃያ ነው አልኩት፤ ለካ መደመር አልረሳህም አለኝ፤ ባለ ወፍጮው እሱንም ጠይቆታል ማለት ነው። ሰሌዳውን አምጥተን የሁለታችንንም ቤት እንድንጽፍበት፣ አንዱ ሲጎድልበት ከሌላው እንዲወስድ፣ ሲተርፍ እንዳይተካ ተስማማን። ሰሊጡን ባለ ወፍጮው መልሼ አልወስድም፣ ለመታሰቢያ ያዙት ብሏል። አሁን በሁለታችንም ቤት ሰሊጥ ያልለበሰ ዳቦ አይገኝም፤ የሰፈሩ እርግቦች መብረር እስኪያቅታቸው ወፍረዋል።

ከባዱ ክርክር የነበረው በማን በር ይራገፍ በሚለው ላይ ነው። እኔ የእኔ ዕቃ ቤት ደረቅ ነው፣ መሬቱ ጣውላ ነው፣ አባባ ራሱ የመታው ጣውላ ነው አልኩ። እሱ ተከራከረ፣ እኔ መለስኩለት፣ በመጨረሻም በማስረጃ ረታሁት፤ ዱቄቱ በእኔ በር እንዲራገፍ ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት ባለ ወፍጮው ዘንድ አብረን ሄደን ቃላችንን ሰጠን። እጃችንን ጨብጦ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀንም። የማሙሽን ትንሽ አስበልጦ የያዘው መሰለኝ፤ ግን አልቆጠርኩም።

ቅናቴ ሻረ ብዬ እንዳልዋሽሽ። ትላንት የመጀመሪያው ሃያ ኩንታል ገባ፤ ማሙሽ ስምንቱን በጋሪ ሊወስድ መጣ፤ ባለ እንቁላሏም በዚያው ደረሰች። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ በእኔ ዕቃ ቤት ውስጥ ሳቀች። ያሳቃት ግን እሱ ነው። ሄጄ እንደምን አደርሽ አልኳት፤ ደንግጣ ሁለት እንቁላል ሰበረች። ሲቆይ ትለምደዋለች።

አንድ የማልቀልድበት ነገር ልንገርሽ። የምቀናው በመስኮቱ አይደለም፣ በሰልፉም አይደለም። ማሙሽ ልሞክር ብሎ ወጥቶ፣ ቢወድቅ የሚወድቀው እሱ ነበር። እኔ የተቀበልኩት አባባ ከፍቶ የሰጠኝን ነው፤ ልሞክር ያልኩት ነገር በሕይወቴ የለም። ያን ጊዜ መሐረቡን ሲያጥፍ ያናደደኝ መሄዱ አልነበረም፤ እኔ አለመሄዴ ነበር። ይህን ለእማማ አታንብቢላት፤ ወይም አንብቢላት፤ እሷ ሳልነግራትም ታውቀዋለች።

በይ እንግዲህ። የሚቀጥለውን ደብዳቤሽን ከመላክሽ በፊት ሁለቱን ፖስታ እዚያው መዝኚልኝ፤ ልዩነቱ ከሁለት ግራም በላይ ከሆነ ስለ አየሩ ጠባይ ጨምሪልኝ፣ ስለ ጎረቤት ጨምሪልኝ፤ ብቻ ጨምሪልኝ።

የእማማን ሁለቱን ጉልበት ሳሚልኝ፤ ዓይኗ ሲጠራ መጀመሪያ የሚታያት የእኔ ፎቶ እንዲሆን ከማሙሽ ፎቶ ፊት አቁሚልኝ። ለባልሽ ሰላምታዬን አቅርቢ፤ ሰሊጥ ለጨጓራ ይስማማል ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ፣ የሚስማማ ከሆነ በጆንያ እልካለሁ። ለትልቋ ልጅሽ አጎትሽ በትምህርትሽ ኮርቷል በያት። መንትዮቹን አንዱን አስቀድመሽ ሌላውን አስከትለሽ አትሳሚልኝ፤ ባንድ ጊዜ ሳሚያቸው፣ ነገሩ ከየት እንደሚጀምር እኔ አውቃለሁ። ባለቤቴ ሰላም ብላሻለች፤ የቀረውን በራሷ ደብዳቤ ትጽፍልሻለች፤ የምፈራውም እሱን ነው።

የሚወድሽ ወንድምሽ
ከዕቃ ቤቱ፣ ሦስተኛው ጆንያ ላይ
ማክሰኞ፣ ጥቅምት ፫ ቀን

ማረሚያ። ማሙሽም ዛሬ ደብዳቤ እየጻፈልሽ መሆኑ ስለተረጋገጠ፣ ከዚህ በላይ «መንገዱን ቀድሜ የተሻገርኩት እኔ ነኝ» ተብሎ የሰፈረው ቃል ከእውነት የራቀ ሆኖ በመገኘቱ እንደሚከተለው ታርሟል። በተጠቀሰው ዓርብ ቀትር ላይ መንገዱን ቀድሞ የተሻገረው ማሙሽ ነው። የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ በዚያ ሰዓት ሽርጡን ለውጦ መጋረጃው ጀርባ ቆሞ ነበር። አሥራ ዘጠኙን እርምጃ የቆጠረውም ሲመጣ እያየው ነው። በሩን በተመለከተ ተካሄደ የተባለው ክርክር አልተካሄደም፤ ዱቄቱ አንተ ዘንድ ይራገፍ፣ የአባባ በር እሱ ነው ያለው ማሙሽ ሲሆን፣ ይህንንም ያለው ጸሐፊው አፉን ከመክፈቱ በፊት ነው። በተጨማሪም፣ በጽሑፉ ውስጥ ባይጠቀስም፣ ለመዝገቡ ሙሉነት ሲባል የሚከተለው ይጨመር፤ የዳቦ ቤቱ በር በሰዓቱ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፣ ማሙሽም አሥራ አንድ ዓመት በዚያ በር ሲገባና ሲወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ሆኖም ደጃፉ ላይ ቆሞ አንኳኳ።